ፕሮግራም ሲያድግ ምኑ ነው የሚያድገው? የሳይንስና የተፈጥሮ ጥበቃ ትምህርት በጅማ

«ዩኒቨርሲቲው አዳዲስ ፕሮግራሞች ከፈተ»፣ «የቅበላ አቅሙን አሳደገ» የሚሉ ዜናዎች ተደጋግመው ይሰማሉ። ጉዳዩ የሂሳብ አያያዝ ወይም የሕግ ትምህርት ከሆነ ብዙ ማብራሪያ አይሻም፤ መምህር፣ መጽሐፍና የመማሪያ ክፍል ከተሟሉ ሥራው ይጀመራል። ሳይንስን ከተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ጋር አጣምሮ የሚያስተምር ፕሮግራም ግን የሚያድገው በሌላ መንገድ ነው። የትምህርቱ ዋና ክፍል ያለው ጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ዳርና ረግረግ ላይ ነው። ተማሪ በእጥፍ ሲጨምር ጫካው አይቀርብም፣ አውቶቡሱም ራሱን አያባዛም። ይህ ልዩነት ስለማይነገር ብዙ ወላጅና ብዙ ተማሪ እድገትን በተመዘገበው ሰው ብዛት ብቻ ይለካል። ከዚህ በታች ጅማን ምሳሌ አድርገን ሥራው ከውስጥ ምን እንደሚመስል እናያለን።

ፕሮግራም ስንል ምን ማለታችን ነው?

ኮሌጅ፣ ትምህርት ክፍልና ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ኮሌጅ አስተዳደር ነው። ትምህርት ክፍል የመምህራን ስብስብ ነው፤ ባዮሎጂ ወይም የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ እንደ ማለት። ፕሮግራም ደግሞ አንድ ተማሪ ገብቶ ዲግሪ ይዞ እስኪወጣ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ የራሱ ሥርዓተ ትምህርት፣ የክሬዲት ሰዓትና የምሩቅ መገለጫ አለው። አንድ ትምህርት ክፍል ሦስትና አራት ፕሮግራም ሊያስተዳድር ይችላል፤ ለምሳሌ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ማስተርስና ዶክትሬት።

የጥበቃ ትምህርት ደግሞ በባሕርዩ በአንድ ቤት አይወሰንም። ዕፅዋትንና እንስሳትን ለይቶ ማወቅ የባዮሎጂ ሥራ ነው። ደንና አፈርን ማስተዳደር ወደ ግብርና ያደላል። የውሃና የቆሻሻ ጉዳይ ከጤና ጋር ይገናኛል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ እነዚህ ዘርፎች በተለያዩ ኮሌጆችና ግቢዎች ስለሚሰጡ አንዱ ክፍል የገዛውን መሣሪያ ሌላው ሳያውቅ ዳግም ሊገዛ ይችላል። ወይም ደግሞ ሁለቱም ሳይገዙ ይቀራሉ።

ለምን ጅማ?

ዩኒቨርሲቲው የዛሬ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን የተመሠረተውም የሁለት ተቋማት ውህደት ሆኖ ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤት፣ ኋላ የግብርና ኮሌጅ የሆነው ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነው። ከጤናው በኩል የመጣው ትልቁ ቅርስ ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርት ይባላል፤ ተማሪው ዲግሪውን ሳይዝ ገና ወደ ቀበሌ ወጥቶ፣ ችግር አጥንቶ፣ መፍትሔ አቅዶ፣ ያቀደውንም ሞክሮ ይመለሳል። ይህ ሥርዓት ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ደን ለሚያጠናውም ይሠራል።

ሌላው ምክንያት ቦታው ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ የበለጤ ደን አለ፤ ከገራ ደን ጋር ተያይዞ በለጤ ገራ ይባላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገባቸው ካፋና ያዩም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የተመዘገበው ሸካም፣ እዚሁ ደቡብ ምዕራብ ናቸው። ባዮስፌር ማለት ሰው የተባረረበት ፓርክ አይደለም። ሦስት ቀጠና አለው፦ ማንም የማይነካው እምብርት፣ ውስን አጠቃቀም የሚፈቀድበት መካከለኛ ቀጠና፣ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት የዳር ቀጠና።

እነዚህ ደኖች የአረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልባቸው ናቸው። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ለማየት እ.ኤ.አ. ወደ 1971 መመለስ ይበቃል። በዚያ ዓመት ሲቢዲ እየተባለ የሚጠራው የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። በሽታው በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን አረንጓዴውን ፍሬ ሳይበስል ያጠቁረዋል፤ ያኔ በእርሻ ላይ የነበረው ቡና አብዛኛው መቋቋም አልቻለም። ከጅማ ወጣ ብሎ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መፍትሔ የፈለጉት ከዚሁ አካባቢ ቡናዎች መካከል በሽታው እያለ ፍሬያቸው ያልተጎዳባቸውን ዛፎች በመምረጥ ነው። ገበሬው ዛሬም 74110፣ 74112፣ 74158 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ መነሻው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። የቡናው ብዝኃነት አስቀድሞ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ የሚመረጥ ዛፍ አይኖርም ነበር። የጥበቃ ትምህርት አስፈላጊነት ከዚህ በላይ ምስክር የሚሻ አይመስለንም።

ወደ ከተማው ስንመለስ አዌቱ ወንዝ ጅማን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የቦዬና የኪቶ ረግረጎች በከተማው ዳር ይገኛሉ። ለጡብ የሚሆን አፈር ይቆፈርባቸዋል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልባቸዋል፣ ከብት ይግጥባቸዋል፤ ወፎችም ይኖሩባቸዋል። ውሃው ወርዶ የሚገባው ወደ ግልገል ጊቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ እዚያ ስላለ፣ ከላይ የሚታጠበው አፈር በመጨረሻ የመብራት ጉዳይ ይሆናል።

ከሐሳብ እስከ ምሩቅ መንገዱ ምን ይመስላል?

መጀመሪያ የፍላጎት ጥናት ይደረጋል፦ ምሩቁን ማን ይቀጥረዋል? የወረዳ ግብርናና የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎች፣ የደን ድርጅቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የካርቦን ፕሮጀክቶች (ደኑ ያመቀውን ካርቦን ለክተው ገንዘብ የሚያስገኙ) ይጠየቃሉ። ከዚያ ረቂቅ ሥርዓተ ትምህርት ይዘጋጃል፤ በትምህርት ክፍሉና በኮሌጁ ይገመገማል፣ ከሌላ ተቋም በመጡ ባለሙያዎች ይተቻል፣ በሴኔት ይጸድቃል። የመጀመሪያ ዲግሪ በአሁኑ አሠራር 4 ዓመት ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን የጋራ ኮርሶች ስለሆነ ለሙያው የሚቀረው 3 ዓመት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት አለበት።

ብዙ ረቂቅ የሚደናቀፈው በፍላጎት ጥናቱ ላይ ነው። መጠይቁ «እንዲህ ያለ ባለሙያ ያስፈልጋል ብለው ያምናሉ?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። መጠየቅ ያለበት «ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት የሥራ መደብ አወጣችሁ? ምን መሥራት የሚችል ሰው አጣችሁ?» ተብሎ ነው። የመውጫ ፈተናውም የራሱን ጫና ያመጣል። ፈተናው የሚለካው በጥያቄና መልስ የሚታየውን ዕውቀት ነው፤ ዛፍ መለካት የሚችልና የማይችል ተማሪ እኩል ሊያልፉ ስለሚችሉ፣ ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የመስክ ሰዓት ይሆናል።

የመስክ ትምህርቱ በተግባር ምንድን ነው?

ከደን ጥናት እንጀምር። ተማሪዎች ጫካውን ሁሉ ሊቆጥሩ አይችሉም፤ የናሙና ቦታ ያሰምራሉ። በአገራችን የተለመደው 20 ሜትር በ20 ሜትር፣ ማለትም 400 ካሬ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ 25 ቦታ አንድ ሄክታር ስለሚሆን በቦታው የተገኘው የዛፍ ብዛት በ25 ሲባዛ የሄክታሩ ግምት ይገኛል። ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ መሆናቸው የሚረጋገጠው ከጥግ ወደ ጥግ በመለካት ነው፤ 28.3 ሜትር ካልመጣ ካሬው ተጣሟል።

የጅማ ዙሪያ ሜዳ አይደለም፤ ጥፋት የሚገባውም በተዳፋቱ በኩል ነው። 30 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ መሬት ላይ ሜትሩን መሬት ለመሬት 20 ብለው ቢዘረጉት፣ በካርታ ሲታይ ያ ርዝመት 17.3 ሜትር ብቻ ነው፤ ስፋቱም 400 መሆኑ ቀርቶ 346 ካሬ ሜትር ይሆናል። ማንም ሳያውቀው የሄክታሩ ዛፍ ብዛት በ13 በመቶ ቀንሶ ይመዘገባል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ የዘቀዘቀውን ማዕዘን በክሊኖሜትር ለክቶ ሜትሩን እስከ 23.1 መዘርጋት። ቀላል የሚሆነው ግን ክሊኖሜትር ላለው ቡድን ነው።

የዛፉ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተዳፋት ከሆነ ከላይኛው በኩል ቆሞ ነው። ቡና ግን ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ በ40 ሳንቲሜትር ላይ ይለካል። የዲያሜትር ሜትር በሌለበት ተራ የልብስ ስፌት ሜትር ያገለግላል፤ ዙሪያው ይለካና ለ3.14 ይካፈላል። እዚህ ላይ ከባዱ ስሕተት ሳያካፍሉ መመዝገብ ነው። ዛፉ ያመቀው ካርቦን የሚሰላው ከክብደቱ ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ከውፍረቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ ዙሪያውን እንደ ዲያሜትር የመዘገበ ተማሪ የካርቦን ግምቱን ከ10 እጥፍ በላይ ያጋንነዋል። ዛሬ በኦሮሚያ ከደን ካርቦን ጋር የተያያዘ ሥራ ባለበት ሁኔታ ይህ የፈተና ነጥብ ብቻ የሚያስቀንስ ስሕተት አይደለም።

ቀጥሎ ዛፉ ይለያል። ወንዛ፣ ብሳና፣ ሳሳ፣ ብርብራ፣ ቀረሮ፣ ጥቁር እንጨት ብሎ መለየት የሚለመደው አብሮ በሚሄድ ሰው ነው፤ ከአካባቢው የደን ማኅበር የመጣ አንድ አባት ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ ይልቅ ፈጣን ናቸው። የዛፎቹን ስም በኦሮምኛም መመዝገብ ግዴታ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ተማሪ ገበሬውን የሚጠይቀው በዚያ ነው። ያልታወቀው ቅጠል ከነአበባው ተቆርጦ በጋዜጣ መካከል ይጫናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣው በየቀኑ ካልተቀየረ በጅማ እርጥበት ይሻግታል። ሲደርቅ የሚጠፋው ደግሞ የአበባው ቀለም ነውና ቀለሙ እዚያው ጫካ ውስጥ ይጻፋል፤ በእርሳስ፣ እስክርቢቶ ዝናብ ስለሚያጥበው።

ወደ ውሃው ስንሻገር አዌቱ መልካም መማሪያ ነው፤ በግማሽ ቀን ውስጥ ከከተማው በላይና በታች ያለውን ማነጻጸር ይቻላል። ተማሪው ወንፊት መሰል መረብ ይዞ ጀርባውን ወደ ወንዙ መነሻ ያዞራል፤ ከፊቱ ያለውን ድንጋይ በእግሩ ሲያምስ የሚነሡት ትናንሽ ፍጥረታት በወራጁ ተገፍተው መረቡ ውስጥ ይገባሉ። አንዳንድ የነፍሳት እጮች ኦክስጅን የበዛበት ንጹሕ ውሃ ካላገኙ ይሞታሉ። ትል የሚመስሉት ቀያዮቹ እጮች ግን ደማቸው ኦክስጅን ስለሚይዝላቸው ቆሻሻ ውሃ ውስጥም ይበዛሉ። ስለዚህ የትኛው ዓይነት እንደበዛ ማየት ብቻ ስለ ውሃው ይናገራል። የተያዙት በ70 እስከ 80 በመቶ አልኮል ይቀመጣሉ፤ ከጭቃው ጋር የገባው ውሃ አልኮሉን ስለሚያቀጥነው በማግስቱ መቀየር አለበት፣ አለዚያ ናሙናው ይበሰብሳል።

ኦክስጅን በመሣሪያም ይለካል፣ እዚህም ከፍታ ያሳስታል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ጠለል ላይ ያለ ውሃ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል። እንደ ጅማ ባለ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ 7.4 አካባቢ ነው። ከፍታውን መሣሪያው ላይ ሳያስገባ የለካ ተማሪ ጤነኛውን ውሃ የተበከለ ነው ይላል።

ተማሪ ሲበዛ ምን ይበላሻል?

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። በአንድ የናሙና ቦታ ላይ 6 ሰው ይሠራል፦ ሁለቱ ሜትር ይይዛሉ፣ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ዛፉን ይለያል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ቅጠል ይሰበስባል። 60 ተማሪ 10 ቡድን ነው፤ 10 ክሊኖሜትር፣ 10 ሜትርና 10 ጂፒኤስ ይፈልጋል። አንድ አሠልጣኝ ጫካ ውስጥ በደንብ መከታተል የሚችለው ሦስት ቡድን ቢሆን፣ አራት አሠልጣኝ ይወጣል። አሁን ተማሪው 120 ይሁን። አዳራሽ ውስጥ የሚያስተምረው መምህር ማይክራፎን ይዞ ያው አንድ ሰው ነው፤ ወጪው እምብዛም አልጨመረም። መስክ ላይ ግን አሠልጣኙ ሰባት፣ ዕቃው 20፣ አውቶቡሱና ነዳጁ እጥፍ ሆነ።

በጀቱ ካልተከተለ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ቡድኑ 6 መሆኑ ይቀርና 15 ይሆናል። ሦስቱ ይለካሉ፣ የቀሩት ፎቶ ይነሣሉ፤ ሪፖርቱ ግን የ15ቱ ነው። ቀጥሎ ሦስት የመስክ ጉዞ አንድ ይሆናል። ከዚያ መስኩ በስላይድ ይተካል።

ቡና የሚያለማ ሰው ይህን ያውቀዋል። ያለ ጥላ የተተከለ ቡና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጥላ ሥር ካለው ይልቅ ብዙ ፍሬ ይይዛል፣ ሲያዩትም ደስ ይላል፤ ግን ከአቅሙ በላይ ስለተሸከመ ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። መምህር፣ ቴክኒሺያንና መስክ ሳይሟላ ቅበላ የጨመረ ፕሮግራምም የመጀመሪያ ምረቃው ያማረ ይሆናል፤ ድርቀቱ የሚታየው በሦስተኛና በአራተኛ ዙር ነው።

ተማሪ ሲቀንስስ?

በቅርብ ዓመታት የመጣው ፈተና ይኸኛው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። ዩኒቨርሲቲዎች በማሻሻያ ማለትም በሪሜዲያል ፕሮግራም ተማሪ ማብቃት የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። የመጣው ጥቂት ተማሪም ሕክምናና ምህንድስናን ስለሚያስቀድም ባዮሎጂና የተፈጥሮ ሀብት ሳይመረጡ ሊቀሩ ይችላሉ።

ሆኖም ትንሽ ክፍል ለመስክ ትምህርት ይመቻል፤ ከላይ ያለው ሒሳብ ለ18 ተማሪ ሦስት ቡድንና አንድ አሠልጣኝ ማለት ነው። ጅማ ከምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሆኖ ስለተመደበ የእድገቱ አቅጣጫ ወደ ማስተርስና ዶክትሬት ማድላቱም የሚጠበቅ ነው።

መሣሪያ ተገዝቶ ለምን ይቆማል?

ብዙ የላብራቶሪ ዕቃ የሚመጣው በውጭ ትብብር ፕሮጀክት ነው፤ ጅማ ከቤልጂየም ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሠራው የረጅም ጊዜ ትብብር ለዚህ ይጠቀሳል። ፕሮጀክት ያልቃል፤ ዕቃው ይቀራል። የኦክስጅን መለኪያው ጫፍ ላይ ያለች ስስ ሽፋንና ፈሳሹ በየጊዜው መቀየር አለባቸው። ዋጋቸው ትንሽ ቢሆንም የሚገዙት በውጭ ምንዛሬ ነው፤ በመደበኛ በጀት ውስጥ መደብ ካልተያዘላቸው መሣሪያው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

የቀን መቁጠሪያውም አይገጥምም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ ግዥና አበል በዚያ ሰሞን ይቆማሉ። ዝናቡ የሚበረታው፣ አፈር የሚታጠበው፣ ረግረጉ የሚሞላው ግን በዚያው ወቅት ነው፤ ግቢውም ባዶ ነው። በዚህ የተነሣ የብዙ ጥናት መረጃ የበጋ ብቻ ይሆናል። መፍትሔው አልኮልና ነዳጅ በግንቦት መግዛት፣ የአካባቢ ረዳት አሠልጥኖ በክረምት እንዲለካ ማድረግ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የቡና ለቀማ ስለሆነ ተማሪ ይዞ ቡና ጫካ መግባት ሰዉን ማስቸገር ነው፤ የበሰለ ፍሬም ይረገፋል።

የአካባቢው ሰው ምን ያገኛል?

ጫካው ባለቤት አለው። በበለጤ ገራ በጃፓን ትብብር የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ዋቡብ የሚባሉ የተጠቃሚ ማኅበራትን አቋቁሟል፤ ደኑን የሚጠብቁትም የደን ቡናውን የሚለቅሙትም አባላቱ ናቸው። ተማሪ ከመግባቱ በፊት የዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይሄዳል፤ ከዚያ ከማኅበሩ ሰብሳቢ ጋር ቀን ይቆረጣል። ደብዳቤው በተማሪዎቹ እጅ በዚያው ቀን ከደረሰ ግማሹ ቀን ቢሮ በር ላይ ያልቃል።

ትልቁ ጉድለት ግን ውጤቱን አለመመለስ ነው። ገበሬው በየዓመቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠየቃል፣ መልሱ ወዴት እንደሄደ አያውቅም። በአንድ ገጽ፣ በኦሮምኛ፣ «በዚህ ጫካ ውስጥ ይህን ያህል የወንዛና የቀረሮ ችግኝ አገኘን፤ ለቡናው ሲባል በተመነጠረው ክፍል ግን ተተኪ ችግኝ አነስተኛ ነው» ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ቡና ጫካ ሲጸዳ ከሣሩ ጋር የነገው የጥላ ዛፍ ችግኝም ይቆረጣል፤ ይህንን በቁጥር ያየ ገበሬ የትኛውን ችግኝ እንደሚያስቀር ራሱ ይወስናል።

ዘርፉን የሚመርጥ ተማሪ ምን ይጠይቅ?

በሴሚስተር ስንት የመስክ ቀን አለ? በአንድ ቡድን ስንት ሰው ይሆናል? ቋሚ የላብ ቴክኒሺያን አለ ወይስ መምህሩ ነው ደርቦ የሚሠራው? ካለፈው ዓመት ምሩቃን ስንቱ በሙያው ተቀጠረ?

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፦ ቋሚ የናሙና ቦታ አላችሁ ወይ? የደን ዛፍ በዓመት የሚወፍረው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። አንድ ሳንቲሜትር የተሳሳተ ልኬት የበርካታ ዓመት እድገትን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ለውጥ የሚታየው ያንኑ ዛፍ፣ በዚያው መስመር ላይ፣ በየ5 ዓመቱ በመለካት ብቻ ነው። የሚለካበት መስመር በቀለም ይሰመራል። ቁጥር ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ከመስመሩ ራቅ ብሎ በሚስማር ይመታል፤ ዛፉ ሲወፍር ሰሌዳውን እንዳይውጠው ሚስማሩ ጥቂት ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ይተዋል። መረጃው በተመራቂው ፍላሽ ላይ ሳይሆን በትምህርት ክፍሉ መዝገብ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ባለው ፕሮግራም ዘንድሮ የሚገባ ተማሪ ከአምስት ዓመት በፊት የተለካውን ዛፍ ፈልጎ ያገኛል፤ የመመረቂያ ጽሑፉም ከዜሮ አይጀምርም።